ስለ ሚዛንና ስለ ተራራ

 ወንድሜ ሆይ፥ አላህ ይዘንልህና ይህን እወቅ፤ ሰው ከሚጠየቅባቸው ነገሮች ሁሉ እጅግ የሚከብደው በእጁ ይዞት ያላወቀው አደራ ነው። ነጋዴ የተቀበለውን ገንዘብ ይቈጥራል፤ ያበደረውን ይጽፋል፤ የተበደረውንም ቀኑ ሳይደርስ ያስባል። ነገር ግን በመዝገብ ሳይጻፍ የገባበት፥ ሳይፈርምበትም የተሸከመው ዕዳ አለ። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ዐይነቱን ዕዳ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ድርሻው ከአቧራ ቅንጣት የማይበልጥ ሰው፥ በማያየው ተራራ ላይ፥ በማያውቃቸው ፍጥረታትና ሰዎች ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ይጠየቃልን?

በዱባይ ተራ የምትውል ነጋዴ ሆይ፥ ጥያቄው ከሱቅህ የራቀ አይምሰልህ። ምሳሌውን ከምታውቀው ቦታ እሰጥሃለሁ። ፎቅ ባለው የገበያ ሕንፃ ውስጥ ሱቅ የተከራየ አንድ ሰው በልብህ አስብ። ምድር ቤት ሳለ ብርቱ ሰው መጥቶ ቦታውን ያዘበት፤ እርሱም ወደ አንደኛው ፎቅ ወጣ። እዚያም አላስቀመጡትም፤ ወደ ሁለተኛው፥ ቀጥሎም ወደ ሦስተኛው ገፉት። ፎቁ ከፍ ባለ ቍጥር ገዢው እየቀነሰ፥ ክፍሉም እየጠበበ ሄደ። በመጨረሻ ከነዕቃው ጣራው ላይ ደረሰ። ከጣራው በላይ ደግሞ ሌላ ፎቅ የለም። በሰሜን አገራችን ከፍተኛ ተራሮች ለሚኖሩት ፍጥረታት ዘመናችን ያዘጋጀላቸው ዕጣ ይህንን ይመስላል።

ስለ ተራራው ደረጃዎች

አባቶቻችን አገሩን ቈላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋና ውርጭ ብለው ከፍለውታል። ይህ አከፋፈል እውነተኛ ነው። ሰው ተራራ ሲወጣ በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ለእያንዳንዱም ተክልና እንስሳ በዚህ ደረጃ ላይ የተወሰነለት ፎቅ አለው። ማሽላው በቈላ፥ ጤፉ በወይና ደጋ፥ ገብሱ በደጋ ይበቅላል። ከገብሱ በላይ አስታ የሚባለው ቍጥቋጦ ይመጣል፤ ከዚያም በላይ ጓሳ ሣርና ጅብራ ይበቅላሉ። ጅብራ ብዙ ዓመት ቀስ ብሎ አድጎ፥ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። በዚያ ውርጭ አገር ዋልያ በገደል ላይ ይንጠላጠላል፤ ጭላዳ ሣር ይነጫል፤ ቀይ ቀበሮም አይጥና ፍልፈል ያድናል። ዋልያ በዓለም ሁሉ ከሰሜን ተራሮች በቀር አይገኝም። ጭላዳም ሆነ ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ምድር ውጪ አገር የላቸውም።

አሁን፥ ሂሳብ የምታውቅ ነጋዴ ሆይ፥ አብረን እናስላ። ሊቃውንት እንደ መዘገቡት፥ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ድረስ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፥ አንድ ተክል የቀድሞውን ቅዝቃዜ ለማግኘት 200 ሜትር ወደ ላይ መውጣት አለበት ማለት ነው። ይህ የአንድ ሰው ዕድሜ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የሆነ ነው። ከዚያ ወዲህም ሙቀቱ አልቆመም። የዓለም ሚትዮሮሎጂ ድርጅት እንደ ገለጸው፥ እ.ኤ.አ. በ2024 የምድር አማካይ ሙቀት ፋብሪካ ሳይስፋፋ ከነበረው ዘመን በ1.5 ዲግሪ ገደማ በልጦ ነበር።

የአገራችን ከፍተኛ ተራራ ራስ ዳሽን 4,533 ሜትር ነው። ተራራ ደግሞ ከሥሩ ሰፊ፥ ከጫፉ ጠባብ ሆኖ የተሠራ ነው። አንድ እርምጃ በወጣህ ቍጥር መሬቱ ያንሳል። ከዚህ ተራራ ወደዚያ ተራራ ተሻግሬ ልሽሽ የሚል ፍጥረት ቢኖር፥ በመካከሉ የተከዜን የመሰለ ሞቃት ሸለቆ ያገኛል። ለደጋ ፍጥረት የቈላ ሸለቆ እንደ ባሕር ነው። ከ20,000 ዓመት በፊት ምድር ሁሉ በቀዘቀዘች ጊዜ በሰሜን ተራሮች አናት ላይ የበረዶ ክምር ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ቅዝቃዜ ወዳድ ፍጥረታት ወደ ላይ ሸሹ፤ በየተራራውም ጫፍ እንደ ደሴት ነዋሪ ተለያይተው ቀሩ። ዛሬ ያ ደሴት ራሱ እየጠበበ ነው። ስለ ጅብራ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፥ ሙቀቱ በብርቱው መንገድ ከቀጠለ በ2080 ለዚህ ተክል የሚመች ስፍራ ከ4 በመቶ በታች ብቻ ሊቀር እንደሚችል አስልቷል።

የዓለም ሰሜናዊ ጫፍም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። በዋልታው አካባቢ ያለው አገር እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ ከምድር አማካይ በአራት እጥፍ ገደማ ፍጥነት እንደ ሞቀ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በዚያ ያለው ፍጥረት ወደ ሰሜን እየሸሸ ከባሕሩ ዳር ይደርሳል፤ በእኛ አገር ያለው ደግሞ ወደ ላይ እየሸሸ ከጫፉ ይደርሳል። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ መሸሻ የማጣታቸው ነገር አንድ ነው።

ስለ ማረሻና ስለ ወንዝ

ፍትሕ ሙሉውን መናገር ነውና፥ በተራራው ላይ የደረሰው ጥፋት ሁሉ ከሙቀት ብቻ የመጣ ነው ብንል ሚዛኑን እናጐድላለን። ከታች የሚወጣ ማረሻ አለ፤ የከብት መንጋ አለ፤ እሳት አለ፤ የሰው ጠብም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደረቁን ሣርና አስታ የበላውን እሳት ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በጉና ተራራና በጎጃሙ ጮቄ ቀድሞ ቀይ ቀበሮ ነበር፤ ዛሬ በሁለቱም ስፍራ የለም። ያጠፋው በዋናው እርሻና ግጦሽ ነው። ነገር ግን ሙቀትና ማረሻ ተባባሪዎች መሆናቸውን አስተውል። ቀድሞ ገብሱን የሚያቃጥለው ውርጭ ሲለዝብ፥ ገበሬው ወደ ላይ ይወጣል። ሙቀቱ በሩን ይከፍታል፤ ማረሻው ይገባል። በሽታም በዚያው በር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2014 በደብረ ዘይት ዙሪያ የተደረገ ጥናት፥ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛው አገር እንደሚወጣ አረጋግጧል።

«ቀበሮው ቢጠፋ፥ ሣሩም ቢሳሳ ለመርካቶ ምን አገባት?» እንዳትል፥ ውኃውን ተከተል። የጓሳ ሣርና የተራራ ቍጥቋጦ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዘው ጥቂት በጥቂት ይለቁታል። ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ይመነጫሉ። ሁለቱም ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ፤ ከጣናም ዐባይ ይወጣል፤ ዐባይም እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ ተመረቀው ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይወርዳል። ሱቅህን የሚያበራው መብራት የሚመጣው ከእንዲህ ያለ ውኃ ነው። ተራራው ሣሩን ካጣ ውኃው በአንድ ጊዜ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል፤ በበጋም ምንጩ ይደርቃል። እንግዲህ በማታየው ተራራ ላይ ያለች አንዲት የሣር ቍጥቋጦ ከሱቅህ መብራት ጋር በማይታይ ክር የታሰረች ናት።

ስለ ጊች ሰዎች

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። በሰሜን ተራሮች ከፍታ ላይ ጊች የምትባል የሙስሊሞች መንደር ነበረች። ሰዎቿ በዚያ ብርድ ገብስ ያርሱ፥ በግና ከብት ያረቡ ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ፤ በ1996 ደግሞ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጠረ። እርሻና ግጦሽ ተራራውን ስለ ጐዱት፥ የጊች ነዋሪዎች ከ400 በላይ አባወራዎች ሆነው እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ2017፥ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ወንድሜ ሆይ፥ በዚህ ነገር ላይ ልብህን አቁም። ገበሬ ከእርሻው፥ እረኛም ከመስኩ ሲለይ ቀላል አይደለም። እነዚህ ሰዎች መሬታቸውን ለቀው ለዋልያና ለጓሳ ቦታ ሰጡ። ማረሻቸው ተራራውን ጐድቶ ነበር፤ ዋጋውንም ከፈሉ። ነገር ግን ጅብራውን ከታች ወደ ላይ የሚገፋው ሙቀት ከእነርሱ ምድጃ የወጣ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ በሌላ አገር ከተቃጠለ ከሰል ድንጋይና ነዳጅ የወጣ ነው። ማረሻ የያዘው ድኻ ቤቱን ለቀቀ፤ ጭሱን የለቀቀው ባለጸጋ ግን ከቤቱ አልተነሣም። እነሆ፥ የተዛባው ሚዛን ይህ ነው። እንግዲህ የእኛ፥ ማለትም በመካከል የቆምነው፥ ስፍራችን የት ነው?

ስለ አራቱ ማመካኛዎች

ሰው ከዕዳው ለማምለጥ አራት ማመካኛዎችን ያቀርባል። አንድ በአንድ እንመርምራቸው።

አንደኛ፤ «የእኔ ድርሻ ከቍጥር አይገባም» ብትል፥ እልሃለሁ፤ አንተ ራስህ ይህን ቃል ከሌላ ነጋዴ አትቀበለውም። ሚዛኑን ከእያንዳንዱ ኪሎ በቍንጥር የሚያጐድል ሰው አስብ። ከገዢዎቹ አንዱም ጉዳቱ አይታወቀውም፤ በዚያች ቍንጥር ጦሙን ያደረ ልጅ የለም። ነገር ግን ሰውየው በዓመቱ መጨረሻ በቍንጥሩ ብዛት ቤት ይሠራል። ሌባ ነው ወይስ አይደለም? ሌባ መሆኑን ትመሰክራለህ። ሚዛን ማጉደል ከታላላቅ በደሎች የተቈጠረው በደሉ ከእያንዳንዱ ሰው ጥቂት፥ በአንድነት ግን ብዙ ስለ ሆነ ነው። የአየር ጉዳይም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተራራ አያሞቅም፤ ተራራው የሚሞቀው ግን ከእነዚህ «ብቻቸውን» ከሆኑ ሰዎች ብዛት ነው። ማነስ ዕዳውን ያሳንሰዋል እንጂ አይሰርዘውም።

ሁለተኛ፤ «ከእኔ የሚበልጡት ይክፈሉ» ብትል፥ እልሃለሁ፤ እውነት ተናግረሃል፥ ነገር ግን ግማሹን ነው የተናገርኸው። ምድርን በሚያሞቀው ጭስ የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ይህች አገር ባለገንዘብ ናት፤ ልትጠይቅም መብት አላት። ተራህ በስሟ በምትጠራባት በዱባይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 መንግሥታት ተሰብስበው፥ ዓለም ከነዳጅ ወደ ሌላ ኀይል እንዲሻገር ተስማምተዋል፤ ለተጐዱት አገሮችም መርጃ የሚሆን የገንዘብ ሣጥን ከፍተዋል። የዚያው ጉባኤ የ2027 ተራ ለአዲስ አበባ ተሰጥቷል። እዚያ የጊችን ሰዎች ነገር የሚያስታውስ ይገኝ ዘንድ ተገቢ ነው። የተናጋው አየር ባለጸጋውንም እንደማይምር ደግሞ አይተናል። ዝናብ የማይበዛባት ዱባይ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 መዝገብ ከተያዘበት ከ75 ዓመት ወዲህ ያልታየ ዝናብ ወርዶባት፥ መንገዶቿ በጐርፍ ተሞሉ፤ የአውሮፕላን ጉዞም ተስተጓጐለ።

ነገር ግን ይህን የንግድ ሕግ አትርሳ፤ በሰው ላይ ያለህ ገንዘብ በአንተ ላይ ያለውን ዕዳ አይሰርዝም። አንድ ሺህ ብር የምትፈልግበት ሰው አለና፥ ከድኻ ጐረቤትህ የተበደርኸውን አሥር ብር ልትክድ ትችላለህን? አትችልም። ጐረቤትህ ከዚያ ሰው ጋር ነገር የለውምና። እኛም በአውሮፓና በአሜሪካ፥ በእስያም ፋብሪካዎች ላይ ገንዘብ አለን፤ በተራራው ሰውና ፍጥረት ዘንድ ደግሞ ዕዳ አለብን። ሐቀኛ ሰው ሁለቱንም መዝገቦች ከፍቶ ይይዛል፤ በአንድ አፍ ይጠይቃል፥ በአንድ እጅ ይከፍላል።

ሦስተኛ፤ «ሰው ተርቦ ሳለ ስለ ቀበሮና ስለ ሣር ማሰብ ቅንጦት ነው» ብትል፥ እልሃለሁ፤ ጥያቄህ ከርኅራኄ የመጣ ነውና አላቃልለውም። ሰው ይቀድማል። ነገር ግን የተራራውን ሣር ያጣ አገር ቀድሞ የሚያጣው ውኃውን፥ ቀጥሎም እህሉን ነው። ሌላም ነገር አለ። ባለአደራ የሆነ ሰው በአደራ ከተሰጡት ዕቃዎች መካከል «ይህ ይጠቅመኛል፥ ይህ አይጠቅመኝም» ብሎ አይመርጥም። ዕቃው የእርሱ አይደለምና። ወዳጅህ መንገድ ሲሄድ ሣጥን ቢሰጥህ፥ ስትከፍተው አንተ የማትፈልገው ልብስ ቢሆን ትጥለዋለህን? ባለቤቱ እስኪመጣ ትጠብቀዋለህ። ዋልያን እኛ አልፈጠርነውም፤ ከጠፋም ልናመጣው አንችልም። ሙሉ መጋዘን ቢቃጠል ነጋዴ በጊዜ ብዛት ይተካዋል። አንድ ዘር ከምድር ከጠፋ ግን የሚያስመጣው አስመጪ የለም።

አራተኛ፤ «እኔ ብጠነቀቅም ተራራው አይድንም፤ ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ብትል፥ እልሃለሁ፤ ከአራቱ ሁሉ ልብ የሚያዝለው ይህ ነው። መልሱን ግን በየቀኑ በሥራህ ትሰጣለህ። በገበያው ሁሉ ሚዛን ቢዛባ፥ የአንተ ሚዛን መቃናት ገበያውን አያቀናውም። አንተ ግን ታቀናዋለህ። ለምን? የምትጠየቀው ስለ ራስህ ሚዛን ነውና። ሰው ስለ ውጤቱ ሳይሆን ስለ ድርሻው ይጠየቃል። ደግሞም አንድ ሐቀኛ ሚዛን በሰፈሩ ሲታወቅ፥ ጐረቤቱ ያፍራል፤ ገዢውም ይማራል። ገበያ የሚቃናውም የሚበላሸውም በዚሁ መንገድ ነው።

ስለሚቻለው ነገር

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ለሚል ቅን አንባቢ ሩቅ መንገድ አላመለክተውም። በአንድ ወር የሚሰበር መሆኑን እያወቅህ ከባሕር ማዶ የምታስመጣው ዕቃ ሁለት በደል አለበት። ገዢው ተታሏል፤ ዕቃውን ለመሥራትና ለማጓጓዝ የነደደው ነዳጅም በከንቱ ነዷል። የሚበረክት ዕቃ መሸጥ ንግድህን ሐቀኛ ያደርጋል፥ ጭሱንም ይቀንሳል። ዕቃውን በፌስታል ላይ ፌስታል ደርበህ አትስጥ፤ ፌስታልም ከነዳጅ የሚሠራ ነውና። የተበላሸውን የሚጠግን ባለሙያ በአጠገብህ ካለ፥ ገዢውን «ጣለውና አዲስ ግዛ» ከማለት ወደ ጠጋኙ ላከው።

አንቺም፥ የቤት እመቤት የሆንሽ እኅቴ፥ በምድጃሽ የምታነጂው ከሰል ከአንድ ስፍራ ዛፍ ተቈርጦ የመጣ መሆኑን አስቢ፤ በሌላ መንገድ ማብሰል ከቻልሽ ዛፉ ይቈያል። በሠርግና በድግስ የሚጣለው ምግብም በአንድ ገበሬ ተዳፋት መሬት ላይ የበቀለ ነው። በከንቱ የተጣለ እህል ሌላ መሬት እንዲታረስ ያስገድዳል፤ ማረሻውም ወደ ላይ ይወጣል።

ከመካከላችሁ በወሎ ወይም በጎንደር ዘመድ ያለው ብዙ ነው። ወደ ትውልድ አገሩ ሲሄድ ስጦታው ልብስ ብቻ አይሁን። ምንጩን ለማጠር፥ ተዳፋቱን ለመከለል፥ የአገር በቀል ዛፍ ችግኝ ለማብቀል የሚደክሙትን ይርዳ። ለተራራው ሲሉ ቤታቸውን የለቀቁ ሰዎች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት፥ አዲስ ሙያ የሚይዙበት ሰደቃ እጅግ የተገባ ነው። የመንዝ ሰዎች የጓሳን መስክ በአባት ሕግ ለብዙ መቶ ዓመታት እየዘጉና እየከፈቱ ጠብቀው ያቈዩት እርስ በርሳቸው ስለ ተቈጣጠሩ ነው። ዛሬም በዚያ መስክ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ስምምነት ባለበት፥ ተራራና ሰው አብረው መኖር መቻላቸውን ከዚህ እንማራለን።

መደምደሚያ

አንባቢ ሆይ፥ ነገራችንን በአንድ ቃል እንሰብስበው። ዕዳ በማነሱ አይሰረዝም፤ በባለዕዳዎች መብዛት አይሰረዝም፤ ባለገንዘቡ ሩቅ በመሆኑም አይሰረዝም። ያልጻፍኸው ዕዳ ካለ ዛሬ ጻፈው። ማታ ሱቅህን ስትዘጋ የቀኑን ሽያጭ ትቈጥራለህ። ያን ጊዜ ጥቂት ቆም በልና በዚያችው ሌሊት በራስ ዳሽን አቀበት በብርድ የቆመውን ጅብራ አስብ። ብዙ ዓመት ጠብቆ አንድ ጊዜ ሊያብብ ነው። የእርሱ ፎቅ ከጣራው በታች እንዲቀር የአንተ ድርሻ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ያንተ ነው፥ ሌላ ሰውም አይከፍለውም።

አላህ ሚዛናችንን የቀና፥ አደራችንን የተጠበቀ ያድርግልን። አሚን።